መኪናውን ማን መረጠው

እታለምን ያገኘቻት እትዬ መቀስ ናት። ጠዋት የስፌት ክፍሉን በር ከፍታ ስትገባ አዲሱ የስፌት መኪና ከሃዲዱ ወርዶ ወለሉ ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ከስሩ ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ካልሲዎቹን አወቀቻቸው። የአንደኛውን ተረከዝ የጠቀመችው ራሷ ነበረች።

ጩኸቷ ግቢውን ሲሰነጥቀው ሚጡ ፊቷን እየታጠበች ነበር። ሳሙናውን ሳታለቀልቅ በባዶ እግሯ ሮጣ ደረሰች። ባሏ ቀድሟት በሩ ላይ ቆሟል። «አትግቢ!» ብሎ ሊይዛት ሲሞክር በክንዱ ስር ሾልካ ገባች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አታስታውሰውም። መኪናውን ብቻዋን ልታነሳው ስትታገል ጥፍሯ መነቀሉን እንኳ የነገሯት ሌሎች ናቸው። ደጋግማ የምትለው ግን አንድ ነገር ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኳት! እሷ አልፈልግም ብላ ነበር፤ እኔ ነኝ ያመጣሁባት!»

እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ሚጡን አዝላ ያሳደገቻት እታለም ናት። «ሚጡ» የሚለውን ስም ያወጣችላት እሷ፣ ኋላም መርፌ ያስያዘቻት እሷ። ስሙ ሚጡ ትልቅ ሴት ሆና ፀጉሯ መሸበት ሲጀምር እንኳ አልለቀቃትም። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት በተሠሩ ቤቶች ይኖራሉ፤ የስፌት ክፍሉ ከመሃል ነው። ሥራቸው ድርብ ብርድ ልብስ ነው። ከላይ በቀለም በቀለሙ የተገጣጠመ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ከመሃል ባዘቶ፣ ከስር ገበር፤ ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ ይዞ ከዳር እስከ ዳር በስፌት መደርደር። ይህን ለዓመታት በእጃቸው ሲሠሩት ኖሩ። በመጨረሻ የእታለም ጣቶች እንደ ዝንጅብል ተጣመሙ። ጠዋት ጠዋት መርፌ ለመያዝ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፋቸው ጀመር፤ ውሃውን የምታሞቅላት ሚጡ ነበረች።

«መኪና እንግዛ» ያለችው ለዚህ ነበር።

ያዩት ብዙ ነው። በተራ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ መኪና ቤት አያጣብብም፤ ነገር ግን ክንዱ አጭር ስለሆነ ትልቅ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አያልፍበትም። ባለ ረጅም ክንዱ ደግሞ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሞላ የብረት አልጋ አለው። ጨርቁ አልጋው ላይ ይወጠራል፤ መኪናው ራሱ በትናንሽ ጎማዎች በሃዲድ ላይ ይንሸራሸራል። ሰፊዋ ሁለት እጀታ ይዛ ወዲህ ወዲያ ትነዳዋለች እንጂ ጣቷን አታደክምም። ሚጡ እሱን ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እታለም ግን ትስቅባት ነበር።

«ይሄማ አውቶቡስ ነው። ሹፌር ልትቀጥሪለት ነው?»

ነገሩን የቋጨው የሚጡ ባል ነው። የስፌት መኪና መካኒክ ነው፤ ሲሠራ ዘወትር ብሎን በከንፈሩ ስለሚይዝ ሰዉ ሁሉ «ብሎን» ይለዋል። ሻጩ መጋዘን ድረስ ሄዶ አየውና «አዲስ ነው፣ እንከን የለውም» አለ። ሻጩም ለሙከራ አምጥቶ ተከለው። እታለም በማግሥቱ «እንውሰደው» ወይም «መልሰው» ልትል ነበር፤ ማግሥቱን አላየችውም።

የመጣችው ኢንስፔክተር ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት ነበረች። የባዘቶው ብናኝ አፍንጫዋ ውስጥ እየገባ ያስነጥሳታል፤ ባስነጠሰች ቁጥር ሬሳው እንደሚሰማት ሁሉ «ይቅርታ» ትላለች።

«አደጋ ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ከሃዲዱ ጫፍ አልፎ ወደቀባት።»

ሚጡ በር ላይ ተደግፋ ስታያት፣ ኢንስፔክተሯ ዳዴ የምትል ያህል ጎንበስ ብላ ወለሉን ትቃኛለች። በሃዲዱ ጫፍ፣ መኪናው እንዳያልፍ የሚይዘው ማገጃ ሊኖርበት በሚገባው ባዶ ቦታ ላይ ጣቷን አስገባች። አልጋው ላይ የተወጠረውን የሙከራ ጨርቅ አየች፤ ሻጩ የሰፋው አንድ ትልቅ አበባ አለበት፣ ከመጨረሻው ቅጠል በኋላ ጨርቁ ነጭ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱን ከጨርቁ ስር ስባ አውጥታ መልሳ አስቀመጠችው። የእታለምን የተጣመሙ ጣቶች አንድ በአንድ አነሳች። ከዚያ ወደ አልጋው ማዶ ዞረችና ከአንዱ የብረት እግር አጠገብ ብዙ ቆየች። ክፍሉ ሁሉ በረዶ የወረደበት ይመስል ባዘቶ ለብሷል፤ እዚያች እግር ስር ግን ትሪ በምታክል ቦታ ላይ ወለሉ ጥርት ብሎ ይታያል።

ከዚያ ሚጡን ከጓሮ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት።

«መጨረሻ ያየሻት መቼ ነው፣ እህቴ?»

«አመሻሽ ላይ። ሻጩ አሳይቶን ከሄደ በኋላ። እኔ ራት ልሥራ ብዬ ገባሁ፤ እሷ ትንሽ ልየው ብላ ቀረች።»

«ባለቤትሽስ?»

«ከሥራ ዘግየት ብሎ መጣ። በላን። ሳህን ሳጥብ እታለም እየሰፋች ነበር።»

«መኪናውን ሰምተሽዋል?»

«አዎ፣ ሁለታችንም።» በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች። «ደስ አለኝ እኮ። ወደደችው ማለት ነው ብዬ። ሄጄ እንኳ ሳላያት፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።»

ኢንስፔክተሯ መሀረቧን ሰጠቻት። ሌላ ነገር አልጠየቀቻትም።

ቀጥሎ ያደረገችው ግን ሁሉንም ግራ አጋባ። እያንዳንዱን ለብቻው እያስቀመጠች እንደ ገበያተኛ «እኔ ልገዛ ብመጣ የትኛውን መኪና ትመርጡልኛላችሁ?» ትል ጀመር። የምትጠይቅበትን ክፍል ከሚጡ አግዳሚ የሚለየው መስኮት ብቻ ስለነበር ሚጡ ሁሉንም ትሰማለች።

እትዬ መቀስ ሳቅ ባይሆንም ሳቅ የሚመስል ነገር አሰማች። ጨርቅ ቆራጭ ናት፤ መቀሷ ከአንገቷ አይወርድም።

«እኔ እጄን እመርጣለሁ! ይሄ ጅብራ እንዲሰበር ስመኝ ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ። ደግሞ ሻጩ አበባውን ሰፍቶ ሲጨርስ ክሩን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ፣ በዚሁ መቀሴ። መቀስ እንኳ ይዞ አልመጣም!»

የእታለም ልጅ ቹቹ ተራዋ ሲደርስ ዓይኖቿ ደም መስለው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አክስቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

«መርጣለችና አክስቴን ይጠይቋት። እናቴ ትንሹን ነበር የፈለገችው። እሷን ላለማስከፋት ነው ዝም ያለችው።»

መስኮቱ ማዶ ሚጡ መሀረቡን አፏ ላይ ጫነች።

«እናትሽ አመሻሹ ላይ ወደ ቤት መጥታ ነበር?»

«የእጅ ባትሪ ልትወስድ። ለምንሽ ነው ስላት፣ ‹ከሆዱ ስር ልየው› አለችኝ። ከዚያ እኔ ተኛሁ።»

ተጠርቶ የመጣው ሻጭ ደግሞ ኢንስፔክተሯ አፏን ሳትከፍት ነበር የጀመረው። «ይሄንኑ ነው የምመርጥልዎ እመቤቴ! ከፋብሪካ የወጣ፣ ሙሽራ በሉት!» ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ትናንት መኪናውን አሳይቶ ከወጣ በኋላ ከሾፌሩና ከጫኞቹ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ማምራቱን፣ ሌሊቱን እዚያው ማደሩን ሦስቱም መሰከሩለት።

ብሎን መጨረሻ ገባ።

«ለእህቴ ልገዛላት አስቤያለሁ» አለችው ኢንስፔክተሯ። «እጇን ያማታል። ይሄን ትመርጥልኛለህ?»

ብሎን ዝም አለ። ዝምታው ስለረዘመ ሚጡ ቀና ብላ በመስኮቱ አየችው።

«ለእህትዎ? አይ… ሌላ ይፈልጉላት።»

«ለሚስትህ እንከን የለውም ብለህ የለም እንዴ?»

«አሁንማ ሰው ገድሏል።»

ይህ መልስ ለሚጡ ትክክል መሰላት። እሷም ብትጠየቅ ያንኑ ትል ነበር።

የቀብሩ ሰሞን ሚጡ ሰው መሆኗ ቀረ። እህል አፏ ሲደርስ ይመለሳል። ለቅሶ የመጣው ሰው «እንዴት ሆነ?» ባለ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ «እኔ የመረጥኩት መኪና ወደቀባት» ትላለች። አንድ ቀን መዶሻ ይዛ ወደ ስፌት ክፍሉ ስትሄድ ፖሊሱ መለሳት። ብሎን ትከሻዋን አቅፎ ወደ ቤት አስገባት።

«ራስሽን አትውቀሺ» አላት። «አንቺ ለበጎ ብለሽ ነው የመረጥሽው። እንዲህ ይሆናል ብለሽ በምን ታውቂያለሽ?»

ደረቱ ላይ ተለጥፋ አለቀሰች። በዚህ ዓለም የቀረኝ እሱ ብቻ ነው ብላ አሰበች።

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ወደ ስፌት ክፍሉ የሰበሰበቻቸው ከቀብሩ በኋላ ነው። መኪናው እንደወደቀ አለ። እትዬ መቀስ መቀሷን ጨብጣ፣ ቹቹ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሻጩ በር በሩን እያየ፣ ሚጡና ብሎን በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«መኪናው ነው የገደላት ይባላል» አለች ኢንስፔክተሯ። አስነጠሰች። «ይቅርታ። እኔ ግን መጀመሪያ የጠየቅሁት ሌላ ነው። በዚያ ምሽት መኪናው ሠርቷል ወይ?» ጎንበስ ብላ ገመዱን አነሳችው። ተጠቅልሎ በቢጫ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። «ይሄን ያሰረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሻጩ። «እኔ ሳልኖር እንዳይነካካ ብዬ። ስሄድ ነቅዬ ነው ያሰርኩት።»

«ማሰሪያው አልተፈታም። ጨርቁ ላይ ደግሞ ያንተ አበባ ብቻ ነው ያለው፤ ክሩም እትዬ መቀስ እንደቆረጡት ነው። የሚሰፋ መኪና ቢወድቅ ክሩ ተጎትቶ ይበጠሳል፣ ጨርቁም ይቀደዳል። ይሄ ክር ግን መርፌው ላይ ልክ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ያን ምሽት እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም አልሰፋም።»

«ሰፍታለች እንጂ!» ሚጡ ተነሳች። «ድምፁን ሰምቼዋለሁ አልኩዎ!»

ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ ወደ እሷ ሄዳ ከፊቷ ቆመች።

«ሳህን እያጠብሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ቧንቧው ተከፍቷል?»

«አዎ፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው።»

«ድምፁ እንዴት ያለ ነበር? ቀጭን? ወፍራም?»

ሚጡ ዓይኗን ጨፈነች። በሐሳቧ ወደ ገንዳው ተመለሰች፤ የውሃው ሹሹታ፣ የሳህኑ ኳኳታ፣ ከኋላዋ የብሎን ድምፅ።

«እሱ…» አለች። «እሱ ነው ‹ስሚ፣ እታለም እስካሁን ትሰፋለች› ያለኝ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። እኔ…» ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። «እኔ አልሰማሁም። ምንም አልሰማሁም።»

ከአግዳሚው ላይ ብሎን ቀና ብሎ አያት።

«አዎን» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንቺ የተነገረሽን ነው የመሰከርሽው፤ በቅን ልብ። እሱ ግን ቤቱ ተቀምጦ ሳለ እህትሽ በሕይወት እንደነበረች የምትመሰክርለት ሰው ያስፈልገው ነበር።»

«ውሸት ነው» አለ ብሎን። ድምፁ ግን ለራሱም አልበቃው።

«እንግዲህ አልሰፋችም። ባትሪ ይዛ ምን ታደርግ ነበር? ቹቹ ነግራናለች፤ ከሆዱ ስር ልታየው ነው የገባችው። ጥፍሯ ውስጥ የመኪናው ቀለም ፍቅፋቂ አለ።» ወደ ሻጩ ዞረች። «ከክንዱ ስር ተፍቆ የወጣ ቀለም። እዚያ ምን እንዳለ አንተ ትነግረናለህ ወይስ እኔ ላሳይ?»

ሻጩ ቆሌው ተገፈፈ። «ሲራገፍ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰነጠቀ… ተበየደ… ግን ይሠራል እኮ! ደግሞ እኔ አይደለሁም የበየድኩት! መካኒኩ ነው! ራሱ በይዶ ራሱ ቀብቶታል። እዚህ ከተሸጠልህ የጥገና ክፍሌ ኃላፊ አደርግሃለሁ ብዬው ነበር። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም!»

«የማገጃውን ብሎን የሚፈታው ቁልፍስ ማን ጋ ነበር?»

«እሱ ጋ ብቻ! እሱ ይዞት ቀረ።»

«ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ማገጃው ተገጭቶ አልተሰበረም፤ ብሎኖቹ በቁልፍ ተፈትተው ተወስደዋል። መኪናው ፊት ለፊቷ ቆሞ ቢወድቅባት ኖሮ የሚጎዳት ከፊት ነበር፤ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም የገደላት ነው ያለው ቁስል ግን ማጅራቷ ላይ ነው፤ ቅርጹም ከዚያ ማዶ ካለው የአልጋው እግር ጠርዝ ጋር ይገጥማል። እዚያች እግር ስር ወለሉ ታጥቧል። ክፍሉ በሙሉ ባዘቶ ለብሶ ያቺ ቦታ ብቻ ለምን ትጠራለች? እዚያ ወደቀች፤ ከዚያ ተጎትታ እዚህ መጣች፤ ከዚያ መኪናው ተገፋባት። በሃዲድ ላይ ሳለ በአንድ እጅ ይሄዳል። መካኒኩን ‹ለእህቴ ትመርጠዋለህ?› ስለው ለመመለስ የቸገረው ለምን ነበር? ሌላው ሰው ሁሉ ስለ መኪናው የሚያስበውን ነገረኝ። እሱ ግን ከቀለሙ ስር ያለውን ያውቃል።»

ቹቹ ወደ ብሎን ዞራ አየችው።

«ጠራችኝ» አለ ብሎን። ወለሉን እያየ ነበር። «ከሥራ ስመለስ በመስኮት ጠራችኝ። ባትሪውን ከስሩ አበራችበትና ‹ይሄ ያንተ እጅ ነው› አለችኝ። ብየዳዬን ታውቀዋለች። ምጣድ እንኳ ስበይድላት ስንት ዘመን… ለመንኳት። ‹ነገ ለሚጡ አንተው ንገራት፤ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› አለች። ክንዷን ያዝኳት። መነጨቀችኝ። ገፋኋት። ሌላ አላደረግሁም፤ ገፋኋት ብቻ።»

ሚጡ አልጮኸችም። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ወዲያው ሞተች?»

እሱ እጆቹን ያሻሽ ጀመር።

«ጠየቅሁህ እኮ።»

«ትተነፍስ ነበር።»

እትዬ መቀስ በእጇ አፏን ያዘች።

«ግቢው ማዶ ነበርኩ» አለች ሚጡ። «ራት እየሠራሁልህ። ለምን አልጠራኸኝም?»

«ልጠራሽ በሩ ድረስ መጣሁ። በመስኮት አየሁሽ። ምን ብዬ እንደምነግርሽ አጣሁ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ስመለስ አትተነፍስም ነበር።»

«እኔ ገደልኳት እያልኩ ስጮህ… ሰሞኑን ሁሉ፣ አጠገቤ ተኝተህ ስትሰማኝ…»

«ራስሽን አትውቀሺ ብዬሽ ነበር» አለ።

ፖሊሱ በክንዱ ይዞ ሲያስወጣው አልታገለም፤ ከበሩ ሲደርስ ዞር ሊል ፈለገና ተወው። ሻጩንም አስከትለውት ሄዱ። ኢንስፔክተሯ እጇን የሚጡ ትከሻ ላይ ጫን አድርጋ ወጣች። እትዬ መቀስም መቀሷን እንደጨበጠች እያለቀሰች ወጣች።

ከቹቹ በቀር ክፍሉ ውስጥ የቀረችው ሚጡ ብቻ ነበረች። መቀመጥም መቆምም አቃታት። መኪናው አልነበረም። ምርጫዋ አልነበረም። ይህ ሊያሳርፋት ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ከበፊቱ ይልቅ ከበዳት። መኪና ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ማታ የምትደገፍበት ደረት ነበራት።

ቹቹ ከግድግዳው ተላቅቃ መጣች። ፊት ለፊቷ ቆመች እንጂ አልነካቻትም።

«አሁን የት ትሄጃለሽ?»

«ቤቴ» አለች ሚጡ። ከዚያ ግቢው ማዶ ያለውን ቤት በመስኮቱ አየችው። በሩ አፍ ላይ የብሎን የሥራ ጫማ ተቀምጧል። ወለሉ ላይ፣ ባዘቶው ውስጥ ቁጭ አለች።

«እኛ ጋ ነይ።»

«እሷ አልጋ ላይ መተኛት አልችልም፣ ቹቹ። አልችልም።»

«አንቺ እኔ አልጋ ላይ ትተኛለሽ» አለች ልጅቷ። ጎንበስ ብላ ሁለት ክንዶቿን ያዘቻት። «እሷ አልጋ ላይ እኔ እተኛለሁ። ነይ፣ ተነሺ።»